ሟች የሌለበት መቃብር፦ በዌልስ ባሕር ዳርቻ የሚገኘው የዶቢ መታሰቢያ

የጉዳዩ ፍሬ ነገር

በዌልስ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ ፍሬሽዎተር ዌስት በሚባል የባሕር ዳርቻ፣ በአሸዋ ጉብታዎች መካከል የመቃብር ቅርጽ የያዘ የድንጋይ ክምር ይገኛል። የተከመረው ዶቢ ለሚባለው የሃሪ ፖተር ልብ ወለዶችና ፊልሞች ገጸ ባሕርይ መታሰቢያ እንዲሆን ነው፤ ከሥሩ የተቀበረ ነገር የለም። ይሁን እንጂ የዶቢ ቀብር በዚሁ ዳርቻ የተቀረጸበት ፊልም ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ የሚመጡ አድናቂዎች ቀለም የተቀባ ጠጠርና ካልሲ እያኖሩበት በመሄዳቸው፣ የዳርቻው ባለቤት የሆነው ናሽናል ትረስት የተባለ የቅርስና የተፈጥሮ ጥበቃ በጎ አድራጎት ድርጅት በ2022 መታሰቢያው ይቆይ ወይስ ይነሣ የሚለውን ጥያቄ በይፋ መመርመር ግድ ሆነበት።

ይህ ጉዳይ ተመዝግቦ መቀመጥ የሚገባው አጥፊ የሚባል ወገን ስለሌለበት ነው። አድናቂዎቹ ስፍራውን የሚወዱት ናቸው፤ ጠባቂዎቹም ስፍራውን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ማቆየት ሥራቸው ነው። ችግሩ የመጣው ፍቅር መገለጫ ቁስ ሲያገኝና ቁሱ ባረፈበት መሬት ላይ መከማቸት ሲጀምር ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የጎብኚዎችም ሆነ የኃላፊዎች ስም አልተጠቀሰም። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፍራው

ፍሬሽዎተር ዌስት ፔምብሮክሺር በተባለው አውራጃ የሚገኝ፣ ፊቱን ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ያዞረ ሰፊ የአሸዋ ዳርቻ ነው። ማዕበሉ ብርቱ ስለሆነ በሰሌዳ ማዕበል ጋላቢዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ የውኃው ስበት ግን ለዋናተኞች አደገኛ ነው። ዳርቻው በ1952 በተቋቋመው የፔምብሮክሺር ጠረፍ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ የሚገኝና በተፈጥሮ ሀብቱ ምክንያት በሕግ ጥበቃ የሚደረግለት ነው። ከዳርቻው በስተጀርባ የአሸዋ ጉብታዎች ተዘርግተዋል፤ እነዚህ ጉብታዎች ቆመው የሚቆዩት በላያቸው የሚበቅለው ሣር ሥሩን ሰድዶ አሸዋውን ስለሚይዘው ነው። ሣሩ በእግር ብዛት ሲረገጥ ይሞታል፤ ሣሩ ሲሞት ደግሞ ነፋሱ አሸዋውን ይጠርገዋል።

በዚሁ ዳርቻ በላይ በኩል ሌላም የቆየ ትውስታ አለ። የአካባቢው ሰዎች ለምግብነት የሚሰበስቡትን የባሕር አረም ያደርቁባቸው ከነበሩት ጎጆዎች አንዱ ታድሶ ቆሟል። በእርግጥ የኖሩ ሰዎች የደከሙበት ቤትና ፈጽሞ ያልኖረ ፍጡር መቃብር በአንድ የባሕር ዳርቻ ላይ ጎረቤት መሆናቸው ሊታለፍ የማይገባው ነገር ነው፤ የትኛው ይበልጥ ሰው እንደሚስብ መገመትም አያዳግትም።

ገጸ ባሕርዩና ካልሲው

የመታሰቢያውን ቅርጽ ለመረዳት የዶቢን ታሪክ በአጭሩ ማወቅ ያስፈልጋል። ዶቢ የቤት ኤልፍ ነው፤ ማለትም በአንድ የጠንቋዮች ቤተሰብ ውስጥ በባርነት የሚያገለግል፣ ትልልቅ ጆሮና ትልልቅ ዓይን ያለው፣ አሮጌ ጨርቅ የለበሰ ትንሽ ፍጡር ነው። በዚያ ምናባዊ ዓለም ሕግ መሠረት የቤት ኤልፍ ነጻ የሚወጣው ጌታው ልብስ ሲሰጠው ብቻ ነው። በ2002 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ላይ ወጣቱ ጀግና አንድ ካልሲ በደብተር ውስጥ ሸሽጎ ደብተሩን ለዶቢ ጌታ ይሰጠዋል፤ ጌታውም ሳያውቅ ደብተሩን ከነካልሲው ለአገልጋዩ ያቀብላል። በዚያች ቅጽበት ዶቢ ነጻ ይወጣል። ለዚህ ነው ለሌላው ሰው ተራ የእግር ልብስ የሆነው ካልሲ ለአድናቂዎቹ የነጻነት ደብዳቤ የሆነው።

የመጨረሻው መጽሐፍ በ2007 ሲወጣ ዶቢ ወዳጆቹን ከእስር አድኖ ራሱ ይሞታል። ደራሲዋ በዚህ ስፍራ ላይ ለጉዳያችን ወሳኝ የሆነ ምርጫ አድርጋለች፤ ጀግናው የወዳጁን መቃብር በአስማት መቆፈር እየቻለ አካፋ ይዞ በእጁ ይቆፍራል፤ ከዚያም በድንጋይ ላይ ዶቢ የተባለ ነጻ ኤልፍ በዚህ እንዳረፈ የሚገልጽ ቃል ይጽፋል። መጽሐፉ ለሁለት ተከፍሎ ከተሠሩት ፊልሞች የመጀመሪያው በኖቬምበር 2010 ወጣ። የዶቢ ሞትና ቀብር የተቀረጸው በፍሬሽዎተር ዌስት ሲሆን፣ ለታሪኩ የተሠራችው የባሕር ዳር ጎጆ ቀረጻው ሲያበቃ ፈርሳ ተነሥታለች። ስለዚህ ፊልሙን አይቶ ለሚመጣ ሰው ዳርቻው ላይ የሚጠብቀው ምንም ነገር አልነበረም። አድናቂዎቹ ባዶውን ቦታ በራሳቸው ሞሉት።

መታሰቢያው የተሠራበት መንገድ

ይህን መታሰቢያ ንድፍ አውጥቶ ያሠራ ኮሚቴ የለም፤ የፊልም ኩባንያም አላቆመውም። አንዱ ድንጋይ አስቀመጠ፣ ሌላው አጠገቡ ጨመረ፣ ሦስተኛው ዙሪያውን ከበበ፤ እንዲህ እያለ በመቃብር ልክ የተዘረጋ ክምር ሆነ። በራስጌው በኩል በልብ ወለዱ ውስጥ ያለውን ቃል በእጅ የተጻፈበት ድንጋይ ይቆማል። በዙሪያው ደግሞ በመዳፍ የሚያዙ ለስላሳ ጠጠሮች አሉ፤ አንዳንዶቹ በደማቅ ቀለም የተቀቡ፣ አንዳንዶቹ የጎብኚው ስም ወይም አጭር የምስጋና ቃል ያለባቸው ናቸው። ካልሲዎቹ በአብዛኛው ነጠላ ናቸው፤ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በድንጋይ ሥር ይሸጎጣሉ ወይም በክምሩ ላይ ይዘረጋሉ።

እዚህ ላይ የፈጠራው ብልሃት መታወቅ ይኖርበታል። አድናቂዎቹ የተከተሉት ሥርዓት ከታሪኩ ራሱ የተወሰደ ነው፤ በእጅ መቆፈር፣ በድንጋይ ላይ መጻፍ፣ ልብስ መስጠት። እያንዳንዱ ጎብኚ በመጽሐፉ ውስጥ ያለውን ቀብር በትንሹ ይደግመዋል። ሌላ ማንኛውም ገጸ ባሕርይ በዚያ ቢሞት ኖሮ አበባ ይቀርብለት ነበር፤ አበባ ደግሞ ይደርቅና መሬት ይሆናል። ካልሲ ግን እንዲህ አይደለም።

ችግሩ

በአንድ ካልሲና በአንድ ጠጠር ዳርቻ አይበላሽም። የጉዳዩ አስቸጋሪነትም ከዚህ ይነሣል፤ ማንም ጎብኚ የራሱን ድርሻ ብቻ አይቶ ጥፋት እንዳለበት ሊቀበል አይችልም፣ ቢቀበልም ስሌቱ አይደግፈውም። ጉዳቱ የሚታየው ለዓመታት ስፍራውን ለሚጠርገውና ለሚቆጣጠረው ሰው ብቻ ነው።

ናሽናል ትረስት ያቀረበው ሥጋት ግልጽ ነበር፤ ካልሲዎች፣ ጌጣጌጦችና ከተቀቡ ጠጠሮች የሚረግፈው የቀለም ቅርፊት ወደ ባሕሩና ወደ ምግብ ሰንሰለቱ ሊገቡ፣ በዱር እንስሳትም ላይ አደጋ ሊያስከትሉ ይችላሉ የሚል ነው። ነገሩ የሚሆንበት መንገድ እንዲህ ነው። ለድንጋይ መቀቢያ የሚያገለግለው የተለመደው አክሪሊክ ቀለም ሲደርቅ የፕላስቲክ ንጣፍ ይሆናል። ጨዋማ ነፋስ፣ ፀሐይና በአየር የሚበር አሸዋ ንጣፉን ይሰነጣጥቁታል፤ ቅርፊቱም እየረገፈ ከ5 ሚሊ ሜትር ወደሚያንስ፣ ጥቃቅን ፕላስቲክ ወደሚባለው ብናኝ ይለወጣል። እንደ ሙሰል ያሉ፣ በዛጎል ውስጥ የሚኖሩና ውኃ እያጣሩ የሚመገቡ የባሕር እንስሳት ይህንን ከምግባቸው ለይተው መተው አይችሉም። ናይሎንና ፖሊስተር ያለበት ካልሲም በበኩሉ ክር ይረግፈዋል።

ካልሲው ባዕድ ነገር እንደሆነ ማንም ያስተውላል። የተቀባው ጠጠር ግን ያታልላል፤ ድንጋይ ከዳርቻው ጋር የሚስማማ የተፈጥሮ ነገር ስለሚመስል፣ ካልሲ ማኖር ነውር ነው ብሎ የተወ ጠንቃቃ ጎብኚ እንኳ ጠጠር ቀብቶ ሲመጣ የተሻለውን የመረጠ ይመስለዋል።

ሌላው ጫና በቁስ የሚለካ አይደለም። ድርጅቱ የጎብኚው ብዛት በስፍራው አገልግሎቶችና በአካባቢው መንገዶች ላይ የሚያሳድረውን ጫናም ከግምት እንዳስገባ ገልጿል። ገጠራማ ጠረፍ ላይ ያለ መንገድና መኪና ማቆሚያ ለእንዲህ ዓይነት ዝና ተብሎ የተሠራ አይደለም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ድርጅቱ ክምሩን በአንድ ሌሊት አንሥቶ መገላገል በሕግ የሚከለክለው ነገር አልነበረም፤ መሬቱ የራሱ ነው። የመረጠው ግን ስለ ስፍራው የወደፊት ሁኔታ ጥናት ማካሄድና ጎብኚዎችንና ነዋሪዎችን መጠየቅ ነበር። ለመጠይቁ ከ5,000 በላይ ምላሾች ተገኙ። በጥናቱ ከታዩት አማራጮች መካከል መታሰቢያውን ከዳርቻው ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ይገኝበታል። ወሬው ከዌልስ አልፎ በብዙ አገሮች መገናኛ ብዙኃን ተሰማ፤ የዶቢ መቃብር ሊነሣ ነው የሚል ዜና ድርጅቱ ሊያቀርበው ከሞከረው ሰፊ የሥነ ምኅዳር ጥያቄ ይልቅ በፍጥነት እንደሚሮጥ ግልጽ ነው።

ውሳኔው በኖቬምበር 2022 ይፋ ሆነ። መታሰቢያው ለጊዜው ሕዝብ እንዲደሰትበት ባለበት ይቆያል፤ ጎብኚዎች ግን ፎቶ ከማንሳት በስተቀር ምንም ነገር ትተው እንዳይሄዱ ይለመናሉ። ቅጣት አልተደነገገም፣ አጥርም አልታጠረም። አጥር ቢታጠር ደግሞ ሊጠበቅ የተፈለገውን የዳርቻውን ገጽታ ራሱ ባበላሸው ነበር።

የተሳካው

በመጀመሪያ ደረጃ፣ ጥያቄው ለሁለት ተከፈለ። ክርክሩ ይቆይ ወይስ ይነሣ በሚል ብቻ ቢቀጥል ኖሮ አንዱ ወገን ተሸናፊ መሆኑ አይቀርም ነበር። ስፍራውን ከሚቀርበው ቁስ ለይቶ ማየት ግን የድንጋዩ ክምር እንዲቆይና ካልሲው እንዲቀር መንገድ ከፈተ። በእኔ ግምት ከጠቅላላው ሒደት ውስጥ ዋጋ ያለው እርምጃ ይህ ነው፤ ምክንያቱም አድናቂዎች ጥበቃ የሚሹት ስፍራውን ሲሆን፣ ጠባቂዎች የሚፈሩት ቁሱን ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ምክንያቱ በዝርዝር ተነገረ። ቆሻሻ አትጣሉ የሚል ማስታወቂያ እዚህ አይሠራም፤ ካልሲ ያኖረ ሰው ቆሻሻ ጣልኩ ብሎ አያስብም፣ እንዲያውም እንደ ስድብ ይቆጥረዋል። የቀለም ቅርፊት፣ የባሕር እንስሳ፣ የምግብ ሰንሰለት የሚለው ማብራሪያ ግን ጎብኚውን በጥፋተኝነት ሳይከስ የማያየውን ነገር ያሳየዋል።

መጠይቁም ከመልሱ ይልቅ በመጠየቁ ጠቅሟል። የምናብ ፍጡር መቃብር ጉዳይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሊስቁበት የሚችል ነገር ነው፤ አንድ ትልቅ ተቋም ቁም ነገር ብሎ ሕዝብ ማማከሩ ግን ውሳኔው በይፋ ሲወጣ ያለ ብዙ ጩኸት እንዲቀበሉት ረድቷል ብዬ አምናለሁ።

ያልተሳካው

ከውሳኔው በኋላም ካልሲና የተቀባ ጠጠር ይዘው የሚመጡ ጎብኚዎች አልጠፉም። ለዚህ አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፤ ረጅም መንገድ የመጣ ሰው ካልሲውን ከቤቱ ይዞ ነው የሚነሣው፣ ልመናውን የሚያነበው ደግሞ ቦታው ከደረሰ በኋላ ነው። በተጨማሪም እዚያ ሲደርስ ቀድመው የተቀመጡ ካልሲዎችን ያያል፤ የሚያየው ነገር ከሚያነበው ማስታወቂያ ይበልጥ ይናገራል። ቁሱ ሳይጠረግ ልመናው ብቻውን ከቆመ፣ ክምሩ ራሱ ሌላውን ሰው አኑር እያለ ይጋብዛል።

ጠለቅ ያለው ምክንያት ግን የተሰጠው ምትክ ነው። ፎቶ ማንሳት ከስፍራው መውሰድ ነው፤ ካልሲ ማኖር ለስፍራው መስጠት ነው። ወደ መቃብር ባዶ እጅን መሄድ ለሐዘንተኛ ይከብዳል፤ ሟቹ ምናባዊ መሆኑም ይህን ስሜት አያስቀረውም፤ ሥርዓቱ በሙሉ የተገነባው በመስጠት ላይ ነውና። ድርጅቱ የሥነ ምኅዳሩን ጥያቄ በሚገባ መለሰ፤ የሚሰጥ ነገር ፍለጋ የመጣውን ሰው ግን የሚሰጠውን ሳያሳየው መለሰው።

በቅርብ ያለ ሌላ ምሳሌ

በዚያው በዌልስ፣ በዋና ከተማዋ በካርዲፍ፣ ተመሳሳይ ነገር ተከስቶ በሌላ መልክ ተፈትቷል። ቶርችዉድ በተባለው የቢቢሲ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያንቶ ጆንስ የተባለው ገጸ ባሕርይ በጁላይ 2009 በተላለፈ ክፍል ሞተ። አድናቂዎች በካርዲፍ ቤይ፣ ሜርሜይድ ኪ በተባለው የመዝናኛና የገበያ ስፍራ፣ በድራማው የገጸ ባሕርያቱ ምስጢራዊ ጽሕፈት ቤት መግቢያ ሆኖ በሚታየው የእንጨት ግድግዳ ላይ ደብዳቤ፣ ሥዕልና አበባ ይሰቅሉ ጀመር። የስፍራው አስተዳደር አላፈረሰውም፤ ይልቁንም ለገጸ ባሕርዩ የመታሰቢያ ጽሑፍ ሰሌዳ አቆመለት።

ሁለቱ ጉዳዮች የሚለያዩት በሁለት ነገር ነው። ካርዲፍ ላይ መታሰቢያው ያረፈው በከተማ፣ በሰው እጅ በተሠራ ግድግዳ ላይ ነው፤ የሚረግፈውን ወረቀት መጥረግ የጽዳት ሥራ እንጂ የሥነ ምኅዳር ጥያቄ አይደለም። በአሸዋ ጉብታ ላይ የካርዲፍን መፍትሔ መገልበጥ አይቻልም። ሁለተኛውና ለእኛ የሚጠቅመው ልዩነት አድናቂዎቹ ያደረጉት ነው። ያንቶ በድራማው ውስጥ ለባልደረቦቹ ቡና በማፍላት ይታወቅ ስለነበር፣ መሞቱን የተቃወሙ ተመልካቾች ለጣቢያው ቡና በፖስታ ላኩ፤ ከዚህም አልፎ በስሙ ለሕጻናት መርጃ ገንዘብ አሰባሰቡ። ቡናው እንደ ካልሲው ሁሉ ከታሪኩ የተወሰደ ቁስ ነው፤ ነገር ግን ተቀባይ ባለበት አድራሻ ደረሰ። ገጸ ባሕርዩን ወደ ድራማው ለመመለስ የተደረገው ዘመቻ አልተሳካም። የመስጠት ፍላጎቱ ግን መሬት ላይ ተከምሮ አልቀረም።

ወደ ሌላ ቦታ ሊወሰድ የሚችለው ትምህርት

እንዲህ ያለ መታሰቢያ በድንገት የበቀለበት የየትኛውም ስፍራ ኃላፊ፣ ፓርክም ይሁን ድልድይ ወይም የጎዳና ግድግዳ፣ ቁሱን ከመጥረጉ በፊት በታሪኩ ውስጥ ያ ቁስ ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። ካልሲው ነጻነትን፣ ቡናው አገልግሎትን ይወክላል። ትርጉሙን ያላወቀ ሰው ምትክ ሊያቀርብ አይችልም፤ ያወቀ ሰው ግን ከትርጉሙ ጋር የሚስማማ የመስጫ መንገድ ማግኘት አይቸግረውም። በዶቢ ጉዳይ ለምሳሌ፣ አዲስ ካልሲ ለሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚደርስበት መሰብሰቢያ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ቢዘጋጅ፣ አድናቂው ይዞት የመጣውን እዚያው ሰጥቶ ወደ ክምሩ እጁን ነጻ አድርጎ ሊያልፍ ይችላል። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፤ ዶቢ ራሱ በተሰጠው ልብስ ነጻ የወጣ ፍጡር በመሆኑ ከታሪኩ ጋር አይጋጭም።

ልመናው ደግሞ ሰው ከቤቱ ሳይነሣ ሊደርሰው ይገባል። የጉዞ መረጃ በሚፈለግባቸው ገጾች፣ በካርታ መተግበሪያዎች ላይ ባለው የስፍራው መግለጫ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አድናቂዎች እርስ በርስ በሚነጋገሩበት መድረክ አስቀድሞ ካልተነገረ፣ በአሸዋው ላይ የቆመ ሰሌዳ የሚያገኘው ካልሲውን ቀድሞ የያዘን ሰው ነው። እዚህ ላይ ከአድናቂዎቹ ራሳቸው የተሻለ መልእክተኛ የለም፤ የሥርዓቱን ሕግ ያወጡት እነርሱ ስለሆኑ ሊያሻሽሉትም የሚችሉት እነርሱ ናቸው። ከተቋም የመጣ ክልከላ ለብዙዎች የዶቢን ጌታ ያስታውሳቸዋል፤ ከአድናቂ የመጣ ምክር ግን የወዳጅ ቃል ሆኖ ይሰማል።

በመጨረሻ፣ ለጊዜው የሚል ውሳኔ የሚጠቅመው የሚለካ ነገር አብሮት ሲኖር ነው። መታሰቢያው ለጊዜው ይቆይ ማለት አስተዋይነት ነው፤ ቢሆንም በየወቅቱ ከክምሩ የሚነሣው የካልሲና የተቀባ ጠጠር ብዛት ተቆጥሮ ካልተያዘ፣ በዙሪያው ያለው የጉብታ ሣር በየዓመቱ በአንድ ቦታ ተቁሞ ፎቶ ካልተነሣ፣ ልመናው መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቅበት መንገድ የለም፤ ቀጣዩ ውይይትም እንደገና በስሜትና በዜና ርዕስ ይመራል። ተመሳሳይ ጉዳይ የሚገጥመው ኃላፊ ቆጠራውን መጀመር ያለበት ውሳኔውን ከማወጁ በፊት፣ ክምሩ ገና እጅ ሳይነካው ባለበት ሁኔታ ነው።